የተፈረደበት ይነዳል

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደሴ ፒያሳ፣ ስድስት ሰው አሳፍሮ ወደ ኮምቦልቻ ሊነሣ ሲል የፉአድ ይማም መሪ አልዞር አለ። ፉአድ አውራ ጣቱን መሪው ላይ ደግሞ ጫነ። መኪናው በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምፁ ለተሳፋሪዎቹ ተናገረ።

«ሹፌራችሁ ፉአድ ይማም ነው። ክስ ቀርቦበታል። ክሱ አልተዘጋም። ለደኅንነታችሁ ሲባል ውረዱ።»

ስድስቱም ወረዱ። ማንም አላጉረመረመም፣ ማንም ምን አድርጎ ነው ብሎ አልጠየቀም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላው እየተቀመጠች ስለ ልጆቿ ስታወራው የኖረች አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ መሬት እንደረገጠች ቀሚሷን በሁለት እጇ አራገፈችና ወደሚቀጥለው ታክሲ ሄደች።

የሚቀጥለው ታክሲ የኪሩቤል ነበር። በሩ እንደተከፈተ ያም መኪና ተናገረ። «ሹፌራችሁ ኪሩቤል አማረ ነው። ጥፋቱን አምኗል። ጉዳዩ ተዘግቷል። መልካም መንገድ።» ስድስቱ ሰዎች እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ይህ በሁለት ሺህ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር ነው። በዚያን ጊዜ ከደሴ ኮምቦልቻ ከሚነዱት መቶ አርባ ሹፌሮች መቶ ሠላሳ አንዱ የተፈረደባቸው ነበሩ። ነገሩ እንግዳ የሚመስለው ላልለመደው ሰው ብቻ ነው። የተከሰሰ ሹፌር ክሱ እስኪታይ ድረስ አይነዳም። ክስ ለማቅረብ አንድ ጣት ይበቃል፤ ክሱ እስኪታይ ግን ሕፃን ተወልዶ ፊደል ይጨርሳል። ጥፋቱን ያመነ ሰው ደግሞ ሦስት ቀን የጸጸት ሥልጠና ወስዶ በአራተኛው ቀን መሪውን ይይዛል። ስለዚህ ሁሉም ያምናል። ያደረገውም ያላደረገውም ያምናል። ሕዝቡም ለመደው፤ ከመልመድ አልፎ ወደደው። እንደ ፉአድ ዓይነቱ፣ መኪናው «ክስ የለበትም» የሚልለት ሹፌር ሲገጥመው ግን ቅንድቡን ይሰበስባል። «ገና ምኑም ያልታወቀ ነው» ይላል።

ኪሩቤል ከመነሣቱ በፊት አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«የምን ክስ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ፉአድ።

«ማወቁስ ምን ያደርግልሃል? ሂድና እመን። መስኮት ሦስት ነው። ሰልፉ ከረዘመብህ የኔን ስም ጥራላቸው፤ ደንበኛቸው ነኝ።»

እውነቱን ነው። ኪሩቤል አራት ጊዜ አምኗል። የመጀመሪያው ፍየል መግጨት ነው፤ ፍየሏን በእርግጥ ገጭቷታል። የቀሩት ሦስቱ ምን እንደነበሩ እሱም አያስታውስም፤ ሥልጠናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኝቶ ነው የጨረሰው።

ፉአድ ክሱን ያወቀው በማግስቱ ነው። «ሽማግሌ ተሳፋሪን ከመኪና ገፍትሮ በመጣል ዳሌ መስበር» ይላል። ሲያነበው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ከላይ ጀምሮ ደግሞ አነበበው።

ሽማግሌው አቶ አስናቀ ደባልቄ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ፣ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሐሙስ ብቻቸውን ተሳፍረው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ «አንድ ጊዜ አቁምልኝ፣ ውሃ ሽንቴ መጥቷል» አሉት። አቆመ። ወረዱ። ከመንገዱ ዳር ያለው ልል ጠጠር ከእግራቸው ሥር ሸሸና በጎናቸው ወደቁ። ፉአድ እንደ ሕፃን ታቅፎ አስገባቸውና ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። መዝጋቢዋ ልጅ ቅጹን ስትሞላ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ባዶ ከተተወ ቅጹ አይቀጥልም፣ ቅጹ ካልቀጠለ ሐኪሙ አይመጣም። «ማንም አይደለም፣ ወድቀው ነው» አላት ፉአድ። «ማንም የሚል አይቀበልም። ያመጣቸው ሰው ማን ይባላል?» ሽማግሌው ያቃስታሉ። ፉአድ ስሙን ከነአባቱ ነገራት። ልጅቷ ጻፈች፣ ሐኪሙ መጣ። ነገሩ ይኸው ነው።

የመንገደኞች አመኔታ ጽሕፈት ቤት ፉአድን አርብ ከሰዓት በኋላ ጠራው። ሦስት አባላት ያሉት ጉባኤ ነው ተባለ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የነበረችው ሰብሳቢዋ ብሌን ብቻ ነበረች። የቀሩት ሁለቱ ፊት ግድግዳው ላይ በምስል ብቻ ነው፤ አንደኛው ዘግይቶ ምሳውን ይበላል።

«አቶ ፉአድ፣ ክስ አለብዎት?» አለች ብሌን።

«አለብህ ተብያለሁ፤ ግን እኔ ሰውየውን...»

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«አለ ብለዋል፤ ይመዝገብ።»

«ሰውየውን አልጣልኳቸውም። ታቅፌ ነው ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው። ራሳቸው በሕይወት አሉ፤ ጥሯቸውና ይንገሯችሁ።»

«መጣል አለመጣልዎን ፍርድ ቤት ያየዋል። እኛ የምናየው ክሱ መኖሩን ነው። መኖሩን ደግሞ አሁን ነግረውናል።»

«ፍርድ ቤቱ መቼ ነው የሚያየው?»

«ኅዳር አሥራ አራት ቀን ሁለት ሺህ ሰባ።»

«ዘጠኝ ዓመት!»

«ስምንት ዓመት ከአሥር ወር» አለ ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ጉርሻውን ውጦ። በዚያ ጉባኤ ላይ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«ምስክሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው» አለ ፉአድ።

«እንግዲያው ራሳቸውን ይጠብቁ።» ብሌን ድምፅዋን አለሰለሰች። «አቶ ፉአድ፣ ለምን ራስዎን ያንገላታሉ? መስኮት ሦስት እዚሁ ሥር ነው። ዛሬ ቢያምኑ ሰኞ ሥልጠና ይጀምራሉ፣ ሐሙስ ይነዳሉ።»

«ሽማግሌ የጣለ ሹፌር ሐሙስ ይነዳል፣ ያልጣለ ዘጠኝ ዓመት ይቆማል። እንዲህ ነው የምትሉኝ?»

«የጣለው ማንነቱ ታውቋል። ሕዝብ የሚፈራው ያልታወቀ ሰው ነው።»

ፉአድ ተነሣ። በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አሁንም ከፍ አላደረገውም።

«አጭበርባሪዎች ብዬ ልሰድባችሁ ነበር፤ ግን ለናንተ ይበዛባችኋል። አጭበርባሪ ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል፣ አውቆ ነው የሚደብቀው። እናንተ አልጠየቃችሁትም።»

ብሌን የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ እንደምታይ አየችው። «ትዕቢት ሕዝብ አይጭንም» አለችና የሚቀጥለውን ጠራች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጨዋነት ነው የሆነው። አንድም ሰው ፊት ለፊት አልሰደበውም። ዳቦ ቤት አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ ሰሌዳው ላይ «ክሱ ያልተዘጋ» የሚል ይወጣል፤ ሻጩ ዳቦውን በእጁ መስጠቱን ትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥለት ጀመር። ጎረቤት ሰላምታውን አላቋረጠም፤ አሳጠረው እንጂ። በየካቲት የወንድሙ ልጅ ኒካሕ ነበርና ምስክር ሊሆን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሄደ። መዝጋቢው ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ክሱ ያልተዘጋ ሰው ለማንም አይመሰክርም። በእሱ ቦታ የተቀመጠው ማር ውስጥ ስኳር እየቀላቀለ በመሸጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ጎረቤታቸው ነው። ሰውየው ጢሙን እያሻሸ በሙሉ ልብ ፈረመ።

ፉአድ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ እየወረደ የታክሲ ተራው ጋ ይቆማል። ሥራ የለውም፤ ዝም ብሎ ያያል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ስለ ሹፌሮቻቸው ይናገራሉ። አምኗል፣ ተዘግቷል። አምኗል፣ ተዘግቷል። ሹፌሮቹ በየመስኮታቸው የሱፍ አበባ እየፈለፈሉ ይሳሳቃሉ። ድሮ ይወዳቸው ነበር። አሁን ሲያያቸው ጠፍ መሬት ላይ የሚግጥ መንጋ ይመስሉታል። በረት ግቡ ሲሏቸው የሚገቡ፣ ማን እንደነዳቸው የማይጠይቁ። ኪሩቤል አንድ ቀን ሻይ ይዞለት መጣ።

«ፉአዶ፣ እስቲ ንገረኝ፣ አንዲት ቃል ናት። ከአፍህ ስትወጣ ምን ታጎድልብሃለች?»

«አንተ ላይ ምን እንዳጎደለች አይታይህም?»

ኪሩቤል ሻዩን አስቀምጦለት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሻይ አላመጣለትም።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ሚስቱ ሒክማ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቁጥብ ሴት ናት፤ እመን ብላ ለመነችው አይባልም። አንድ ማታ እራት ላይ እሱ ብሌንን፣ መዝጋቢውን፣ ማር ሻጩን፣ ዳቦ ሻጩን፣ ኪሩቤልን በየተራ ሲያጣጥል ሰማችውና እጇን ታጠበች።

«ሁሉም ርካሽ ነው፣ ከአንተ በቀር» አለችው። «ይሁን፣ እውነት ይሆናል። ግን ኩራትህን እንደ ግመል ይዘህ ነው ቤት የምትገባው። እኔ የቱ ጋ ልቀመጥ?»

እሱ በማግስቱ እንደገና ፒያሳ ወርዶ ቆመ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ሰሌዳው «ክስ የለበትም» አለ። ሻጩ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ዳቦውን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ለምዶበት ነው መሰለኝ። ፉአድ ዳቦውን እዚያው ጥሎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገሰገሰ። ብሌን ደረጃ ላይ አገኘችው።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ጥፋተኛው ተገኝቷል።»

«ማን ነው?»

«ተጎጂው።»

የሰማው ነገር በትክክል አልገባውም። ብሌን ትዕግሥት እንዳላት እንዲታወቅላት ቃሉን እየቆረጠች አስረዳችው። አቶ አስናቀ ደባልቄ በክራንች ተደግፈው መስኮት ሦስት መጥተዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ ብለዋል። ራሳቸውን ከመኪና ጥለው የራሳቸውን ዳሌ እንደሰበሩ አምነዋል። ሥልጠናውንም ጨርሰዋል።

«የሰማንያ አራት ዓመት ሰው! ራሱን ጣለ ብላችሁ ጻፋችሁ?»

«ቅጹ ስም ይፈልጋል፤ ስም ሰጡ» አለች ብሌን። «እርስዎም መስጠት ይችሉ ነበር።»

አቶ አስናቀ ሰኞ ገበያ አካባቢ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ፉአድ ሲደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ለማሰር ይታገሉ ነበር። ሰላምታም ሳይሰጥ በርከክ ብሎ አሰረላቸው።

«ምነው ጋሼ? ምነው እንዲህ ያደርጉኛል?»

«ምን አደረግኩህ?»

«አንድ ቃል ላለመዋሸት አሥራ አንድ ሳምንት ቆሜያለሁ። ከጓደኛ፣ ከሚስቴ ተጣልቻለሁ። እርስዎ ደግሞ ሄደው ዋሹልኝ።»

«ስማ» አሉት ሽማግሌው። «ስወድቅ ማንም አልጣለኝም። ይህን አንተም እኔም እናውቃለን፣ ሦስተኛ የሚያውቅ አያስፈልገንም። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት እውነት አይደለም፤ ስም ነው። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የመንግሥት መሬት ስቀይስ ስንቱን ወንዝ ተራራ ብዬ እንድጽፍ ታዝዣለሁ መሰለህ? ወንዙ ግን ሽቅብ ሄዶ አያውቅም። ስሜን ወረወርኩላቸው። አጥንት እንደወረወሩለት ውሻ ነው ጭራቸውን የቆሉት።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ነው እንጂ! ታዲያ ዘጠኝ ዓመት እዚያ አደባባይ ላይ ተገትረህ እውነት ልትሆን ነበር? ሂድና ሥራህን ሥራ።»

ፉአድ እሠራለሁም አልሠራምም ሳይል ወጣ። መንገዱን ሙሉ አልነካውም አለ፤ በሽማግሌ ውሸት የተፈታ መሪ አልይዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ ፒያሳ ነበር። አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ መሪው ዞረለት። ያ የለመደው ክብደት መዳፉ ውስጥ ሲገባ፣ እንደ ውሃ ጥም ያለ ደስታ ከሆዱ ተነሣ። ወዲያው ደግሞ አፈረ። የኪሩቤል መኪና ከጎኑ ቆሞ ነበርና ወደዚያ አላየም። ኪሩቤል ግን ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋለት፤ እንኳን መጣህ ማለቱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ረፋዱ ላይ አቶ አስናቀ በክራንቻቸው እየተራመዱ ወደ ተራው መጡ። በእጃቸው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዘዋል። ፉአድ ሊደግፋቸው ወረደ። የመኪናው በር ግን አልተከፈተም። ድምፁ መጣ።

«አስናቀ ደባልቄ። ራሱን የሚጥል ተሳፋሪ። ከሕዝብ መጓጓዣ ታግዷል።»

ፉአድ በሩን በጉልበት ሳበው፤ አልሆነም። የኋላውን ሞከረ። ውስጥ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ፊታቸውን ወደ ማዶው መስኮት አዞሩ። ወደ ኪሩቤል መኪና ወሰዳቸው፤ ያም መኪና ያንኑ ተናገረ። ሦስተኛውም አራተኛውም ያንኑ።

«ለስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው ፉአድ። «ነግረውዎት ነበር?»

አቶ አስናቀ ክራንቻቸውን አስተካክለው ያዙ። ሲያምኑ ያውቁ እንደሆነ፣ ወይስ አሁን መስማታቸው እንደሆነ፣ ፉአድ ከፊታቸው ሊያነብ አልቻለም።

«ሐሙስ ሐሙስ እህቴ ጋ ነው የምሄደው» አሉ። «እመቤት ትባላለች። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ አረንጓዴ የብረት በር። ወገቧ አይታዘዝላትም፣ ከአልጋ አትወርድም። ይቺን ስጥልኝ።» ከረጢቷን ሰጡት። «ካርታ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ እንጫወታለን። በዚህ ጊዜ መቅረቴ ነው በላት።»

ዞር ብለው ቀስ በቀስ ሄዱ። ዳገቱን እስኪወጡ ድረስ ፉአድ ቆሞ አያቸው። መኪናው ተራው መድረሱን ሦስት ጊዜ ነገረው።

ኮምቦልቻ ደርሶ ተሳፋሪዎቹን ካወረደ በኋላ መኪናውን ከወንዙ ማዶ አቆመና አረንጓዴውን በር አንኳኳ። የምትረዳቸው ጎረቤት ከፍታ አስገባችው። እትዬ እመቤት ትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ዓይናቸው ግን እንደ መርፌ የሚወጋ ሴት ናቸው። ከረጢቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አንተ ነህ ሹፌሩ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ፉአድ እባላለሁ።»

«ወንድሜን ገፍትሮ ጣለው ያሉኝ ሹፌር?»

«አዎ።»

«ጣልከው?»

ፉአድ በልቡ ወራቱን ቆጠረ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ጉባኤ ፊት ቀርቧል፣ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ ከኒካሕ ተመልሷል። ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሒክማ እንኳ አልጠየቀችውም፤ እሷስ ስለምታውቀው ነው።

«አልጣልኳቸውም፣ እትዬ። ጠጠር አንሸራትቷቸው ነው። እኔ አነሣኋቸው።»

ሴትዮዋ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ደግ» አሉ። «እሱስ የት ቀረ?»

ሁሉንም ነገራቸው፤ መስኮት ሦስትን፣ ቅጹን፣ የማይከፈቱትን በሮች። መሪው ሲዞርለት ደስ ማለቱንም፣ በደስታው ማፈሩንም አልደበቀም። እትዬ እመቤት እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ከዚያ ሳቁ፤ የንቀት ሳቅ ነው፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«አስናቀ ወንጀለኛ! ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የሚደበቀው ሰውዬ!» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲጠርጉ ቆዩ። «እንግዲህ እሱ አይመጣ፣ እኔ አልሄድ። ይህን ለማድረግ ስንት ሰው ደመወዝ ይበላል በለኝ።»

በመስኮቱ በኩል የመኪናው ድምፅ ገባ። «ሹፌር ፉአድ ይማም ከመሪው ርቋል። ተራውን ጥሏል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ክስ ይመዘገባል።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እትዬ እመቤት።

«እኔን ነው።»

«አትሄድም?»

ፉአድ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። ጫማውን አወለቀ። ከረጢቱን ከጭናቸው አንሥቶ ካርታዎቹን አወጣቸው፤ ጠርዛቸው ያለቀ፣ የሁለት ሽማግሌ ጣት ያለሰለሳቸው ካርታዎች ናቸው። መኪናው ደግሞ ስሙን ጠራ።

«እርስዎ ይበውዙ» አላቸው።